ኢንተርኔቱ የሚዘገየው መቼ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጋዜጣችሁ ጅማ የሚደርሰን አንዳንዴ በማግስቱ ነው። ቢሆንም አንድም እትም አያመልጠኝም። በባለፈው እትም የቴክኖሎጂ አምዳችሁ የቤት ኢንተርኔት የዘገየበት ሰው የዲኤንኤስ ቁጥሩን (የገጾችን ስም ወደ ቁጥር የሚለውጥልንን አገልግሎት አድራሻ) ቢቀይር ፍጥነቱ በእጥፍ እንደሚጨምር ጽፏል። የሳተላይት ኢንተርኔት ላላቸውም ይኸው መላ ተመክሯል። ይህ ትክክል አይደለም። በቅን ልቦና እንደጻፋችሁት አልጠራጠርም። ነገር ግን ይህችው ምክር የእኔን ቤተሰብ በሁለት አገር አድክማለች። እናቴን ደግሞ ገንዘብ አስከፍላለች። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። በጅማ ዞን ካሉት ወረዳዎች በአንዱ ለዘጠኝ ዓመት የወረዳኔት ባለሙያ ነበርኩ። መስሪያ ቤታችን ግቢ ውስጥ ትልቅ ነጭ ዲሽ ቆሞ ነበር። ወረዳው ከዞንና ከክልል ጋር የሚገናኘው በእሱ ነው። ሳር ሲያድግበት አጭዳለሁ። ኮኔክተሩ ውስጥ ውሃ ሲገባ ፈትቼ አደርቃለሁ። ክረምት ላይ ስብሰባው መሃል ምስሉ ሲጠፋ ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው። አሁን ጅማ ከተማ ጊንጆ አካባቢ እኖራለሁ፤ የትንንሽ ድርጅቶችን ኔትወርክ እየዘረጋሁና እየጠገንኩ እተዳደራለሁ። ዲሽና ራውተር ለእኔ እንጀራዬ ናቸው ማለት ነው።

ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ኬንያ ነው ያለው። እርሻ ተምሮ እዚሁ ጅማ ተመረቀ፤ አሁን ናንዩኪ አካባቢ አበባ እርሻ ላይ ይሰራል። ቤቱ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ የገመድ ኢንተርኔት አይደርሰውም። የሳተላይት ኢንተርኔት አስገባ። እናታችን እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ ነው የምትኖረው። እሁድ ማታ ቡናዋን አፍልታ፣ ስልኳን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ትጠብቀዋለች። በሳምንት አንዴ ፊቱን የምታየው ያኔ ብቻ ነው። ለእሷ ይህ ሰዓት ትልቅ ነገር ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት ይህ ጥሪ መበላሸት ጀመረ። ወንድሜ እየተናገረ ምስሉ ድርቅ ይላል። ድምፁ ይቆረጣል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይቆረጣል። ዝናቡም ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፤ እናቴ የዝናቡን ድምፅ ከኔትወርኩ ትደባልቀዋለች። እሱ «የጅማው ነው» ይላል፤ እሷ «የኬንያው ነው» ትላለች። ከዚያ ሁለቱም አንድ ዓይነት ምክር ከተለያየ ቦታ ሰሙ። ዲኤንኤስ ቀይሩ የሚል። ወንድሜ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ቀየረ። መጀመሪያ 8.8.8.8 አስገባ፣ ቀጥሎ 1.1.1.1፣ ቀጥሎ 9.9.9.9። ምንም ለውጥ የለም። እናቴ ደግሞ ለእኔ ሳትነግረኝ አንድ የሞባይል ጥገና ሱቅ ውስጥ የሚሰራ ልጅ አስጠራች። ልጁ መጥቶ ስልኩን ጎረጎረ፣ ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ቁጥር ቀየረ፤ «ማዘር፣ አሁን ይበራል» ብሎ 400 ብር ተቀበለና ሄደ። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት «አንቺ ስራ ይበዛብሻል፣ ላላስቸግርሽ ብዬ ነው» አለችኝ። ይህች መልስ እስካሁን ሆዴ ውስጥ አለች።

ዲኤንኤስ ምን እንደሆነ ጅማን የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል። እኛ ጋ በቤት ቁጥር ሰው የሚፈልግ የለም። ሂርማታ ገበያ ይወርዳል፤ ሱቅ ደጃፍ የተቀመጠ ሰው ያገኛል፤ «የእገሌ ወፍጮ ቤት በየት ነው?» ይላል። ሰውየው «ከመስጊዱ አለፍ ብለህ በግራ ታጠፍ» ይለዋል። ዲኤንኤስ ይህ ሱቅ ደጃፍ የተቀመጠው ሰው ነው። ኮምፒውተር ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። እኛ ስም ስንጽፍ ዲኤንኤስ ወደ ቁጥር ይለውጥልናል፤ ከዚያ ስራው አለቀ። ቪዲዮው፣ ፎቶው፣ የእናቴና የወንድሜ ጨዋታ በእሱ በኩል አያልፍም። አቅጣጫ ነጋሪው ቀልጣፋ ከሆነ ጉዞው ቶሎ ይጀመራል። መንገዱ ጭቃ ከሆነ ግን ጭቃ ነው፤ ሌላ ሰው ብንጠይቅ አስፋልት አይሆንልንም።

ይህን ስርዓት የነደፈው ፖል ሞካፔትሪስ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ በ1983 እ.ኤ.አ.። ከዚያ በፊት የኮምፒውተሮቹ ስም በሙሉ አንድ ፋይል ላይ ነበር የሚመዘገበው። መዝገቡን ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የምርምር ተቋም ይይዘው ነበር፤ ቡድኑን የምትመራው ኤሊዛቤት ፌይንለር የምትባል ሴት ነበረች። አዲስ ስም የፈለገ ሁሉ እነሱ ጋ ነበር የሚያስመዘግበው። ይህን ያነበብኩት ወረዳ ሳለሁ ነው። በዚያ ቢሮ ኮምፒውተር የምነካ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ብርታት ሰጥቶኛል።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ሰው ደውሎ «ኢንተርኔቴ ይዘገያል» ሲለኝ እኔ የማስቀድመው ጥያቄ አንድ ነው። የሚዘገየው መቼ ነው? ገጹ ሊከፈት ሲል ነው ወይስ ከተከፈተ በኋላ? ይህች ጥያቄ ግማሹን ስራ ትጨርሳለች። ለመክፈት ረጅም ጊዜ ወስዶ፣ አንዴ ከተከፈተ ግን ቪዲዮው ጥርት ብሎ የሚሄድ ከሆነ ዲኤንኤስን መጠርጠር ተገቢ ነው። አቅጣጫ ነጋሪው ዘግይቷል ማለት ነው። ቶሎ ተከፍቶ መሃል ላይ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ዲኤንኤስን ተዉት። ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ሌላም ምልክት አለ። ቴሌግራም ዋና ዋና አድራሻዎቹን በቁጥር ይዞ ስለሚዞር፣ ስም የሚጠይቁት ሌሎች ገጾች ሁሉ እምቢ ብለው እሱ ብቻ የሚሰራበት ጊዜ አለ። ያኔም ጣቴን ዲኤንኤስ ላይ እቀስራለሁ።

የወንድሜ ችግር መሃል ላይ መቆራረጥ ነበር። በስልክ እየነገርኩት ላፕቶፑን ራውተሩ ላይ በገመድ አሰካሁት፤ ዋይፋዩን ከጨዋታ ለማውጣት ነው። ከዚያ 8.8.8.8ን ፒንግ እንዲያደርግ ነገርኩት፤ ለአስር ደቂቃ ሳያቋርጥ። ፒንግ ማለት ወዲያ ማዶ ላለው ኮምፒውተር «አለህ?» ማለት ነው። በቁጥር ስንጣራ ዲኤንኤስ አይጠየቅም። መልሱ በ40 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይመጣ ነበር፤ በጣም ጥሩ ነው። በየመሃሉ ግን አምስት ሰከንድ፣ ሰባት ሰከንድ ጸጥ ይላል። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።

«እትዬ፣ ታዲያ ዲኤንኤሱ አይደለም?» አለኝ።

«በቁጥር እየጠራኸው ከጠፋ ዲኤንኤስ ምን አገባው? ውጣና ዲሹ ምን እንደሚያይ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» አልኩት።

ፎቶውን ሳየው ገባኝ። ሌባ እንዳይነካው ብሎ ዲሹን ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጥግ መሬት ላይ አስቀምጦታል። በአንድ ወገን የውሃ ታንከር አለ። በሌላው ወገን ረጃጅም ባህር ዛፍ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እኛ ኢትዮጵያውያን ዲሽ እናውቃለን፤ የምናውቀው ግን የቴሌቪዥኑን ነው። ናይልሳትም ሆነ ኢትዮሳትን የሚያስተላልፈው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ናቸው። ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ ከእኛ አንጻር ቆመው ያሉ ያህል ነው። ስለዚህ ዲሹን አንዲት ነጥብ ላይ አነጣጥረን፣ ሲግናል ስናገኝ ብሎኑን ጥብቅ እናደርጋለን፤ አለቀ። ከጎኑ ዛፍ ቢኖር ግድ የለንም፤ ያቺ ነጥብ ካልተጋረደች በቂ ነው። የወንድሜ ዓይነቱ ግን ሌላ ነው። በ550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የሚዞሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሳተላይቶች ናቸው። ከሰማዩ አንድ ዳር ወደ ሌላው በደቂቃዎች ያልፋሉ። ዲሹ አንዱን ሲሸኝ ሌላውን እየተቀበለ ነው የሚሰራው። ስለዚህ ሰፊ ሰማይ ይፈልጋል። ሳተላይቱ ከባህር ዛፉ ጀርባ ሲገባ ለጥቂት ሰከንድ ይጠፋል፤ ወጥቶ ወይም በሌላ ተተክቶ ይመለሳል። ፌስቡክ ለሚያይ ሰው ይህ ላይታወቀው ይችላል። እናቱን በቪዲዮ ለሚያነጋግር ሰው ግን ያቺ አምስት ሰከንድ ጨዋታውን ታቋርጣለች።

የአገልግሎቱ መተግበሪያ ዲሹን የሚጋርድበትን ነገር በስዕል ያሳያል። ከፍቶ አያውቅም ነበር። ከፈተው፤ የሰማዩ ስዕል አንድ ጎኑ ቀይ ነው። በማግስቱ አንድ አናጢ አስጠርቶ ጣሪያው ላይ የብረት ምሰሶ አስተከለ፤ ዲሹንም እዚያ አሰረው። ከዚያ ወዲህ ያ ጸጥታ የለም። ዶፍ ዝናብ ሲጥል ብቻ አልፎ አልፎ ይዳከምበታል። እሱ ደግሞ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ ሞገዱ በጣም አጭር ስለሆነ የዝናቡ ጠብታ ይውጠዋል። ጅማ ላይ በሐምሌ ዝናብ ቴሌቪዥኑ ሲግናል የለም ሲል የምናየው ነገር ነው። ለዚህም ዲኤንኤስ መድኃኒት የለውም።

እውነቱን ለመናገር፣ ሳተላይት ላይ ዲኤንኤስ ልዩነት የሚያመጣበት ሁኔታም አለ። ወረዳ ሳለሁ በእጄ አይቼዋለሁ። የእኛ ዲሽ የሚያየው ያንን ሩቁን ሳተላይት ነበር። የዲሹ ሞገድ እንደ ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ጥያቄው ወጥቶ፣ ወርዶ፣ መልሱ ደግሞ ወጥቶ እስኪወርድ ግን ወደ ግማሽ ሰከንድ ይፈጃል። የመሳሪያው መዘግየት ሲጨመርበት እኔ ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሰከንድ አነብ ነበር። አንድ ገጽ ስንከፍት የምንጠይቀው አንድ ስም አይደለም። ፎቶው ከአንድ ቦታ፣ ማስታወቂያው ከሌላ፣ ፊደሉ ከሌላ ይመጣል። ሃያ ስም ተራ በተራ ቢጠየቅ ለስም መጠየቂያ ብቻ ከአስር ሰከንድ በላይ ይሄዳል፤ ገና ምንም ሳይጫን።

መጋዘን ውስጥ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረን። አቧራውን አራግፌ፣ ስሞችን የሚያስታውስ ፕሮግራም ጫንኩበት። የሁሉም ኮምፒውተር ዲኤንኤስ እሱ እንዲሆን አደረግሁ። ጠዋት ፋይናንስ ቢሮ የጠየቀውን ስም በኋላ ጤና ጽሕፈት ቤት ሲጠይቅ፣ መልሱ የሚቆይበት ጊዜ ካላለቀ ከዚያው ከጎረቤት ክፍል ይመጣል፤ ሰማይ መውጣት የለም። ሰራተኛው ኢንተርኔት ተጨመረልን ብሎ አመሰገነኝ። አልተጨመረም፤ የመስመሩ አቅም ያው ነው። ገጾቹ ለመከፈት የሚፈጁት ጊዜ ነው ያጠረው። ልብ በሉ፣ እዚያም የጠቀመን 8.8.8.8 ማስገባት አልነበረም። እሱም ያለው ከሳተላይቱ ማዶ ነው። የጠቀመን መልሱን ወደ ዲሹ ወዲህ ማምጣታችን ነው። አምዳችሁ ይህን ቢጽፍ ኖሮ ለባለ ሩቅ ሳተላይቶቹ ትልቅ ውለታ በዋለ ነበር።

የወንድሜ ዲሽ ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ በነበረው እሁድ ሁላችንም ደስ ብሎን ተሰበሰብን። ጥሪው ግን አልጀመር አለ። እናቴ ትነካለች፤ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል። ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ይያያዛል። ከተያያዘ በኋላ ምስሉ እንደ መስታወት ነው። ያኔ ነው ያቺ ጥያቄዬ ትዝ ያለችኝ። የሚዘገየው መቼ ነው? ሊከፈት ሲል። ዩቲዩብ ከፈትኩ፤ ያው ነው። ነጭ ገጽ ለብዙ ሰከንድ፣ ከዚያ ቪዲዮው ያለ ምንም መቆራረጥ ይሄዳል። ቴሌግራም ደግሞ ወዲያው።

ራውተሩ ውስጥ በራሱ አድራሻ፣ በ192.168.1.1 ገባሁ። ፓስዎርዱ ከፋብሪካ የመጣው ነው፤ ማንም የሚገምተው። የዲኤንኤሱን ቦታ አየሁ። ሁለተኛው ቁጥር 8.8.8.8 ነው። አንደኛው ግን በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ቁጥር ነው። ብጣራው አይመልስም፤ ስም ብጠይቀውም አይመልስም። የሞተ ነው። የእናቴ ስልክ አንድ ስም ሲፈልግ መጀመሪያ የሞተውን ይጠይቃል፤ ለብዙ ሰከንድ ቆሞ ይጠብቃል፤ መልስ ሲያጣ ወደ ሁለተኛው ይዞራል። ለእያንዳንዱ አዲስ ስም እንዲሁ። 400 ብር የተከፈለበት ፍጥነት ይህ ነበር።

ወንድሜ ጋ ያለ ጥፋቱ የተወነጀለው ዲኤንኤስ፣ ማንም ባልጠረጠረበት በእናቴ ቤት ተገኘ ማለት ነው።

ልጁን ሱቁ ድረስ ሄጄ አነጋገርኩት። ክፉ ልጅ አይደለም። ደነገጠ፤ ብሩንም ሊመልስልኝ ፈለገ። ቁጥሩን ያገኘው ቴሌግራም ላይ ሰው ከሰው ከሚቀባበለው ፎቶ ነው። በጣም ፈጣን ዲኤንኤስ ተብሎ ተጽፎበታል። በስንት ቤት እንዳስገባው ስጠይቀው አላስታወሰም። ያስፈራኝ ይህ ነው። እዚህ ከተማ የባንክ መተግበሪያ የሚጠቀመው ሰው ብዛት ይታወቃል። ፓስፖርት የሚያመለክተው፣ ስኮላርሺፕ የሚሞላው፣ የተማሪ ውጤት የሚያየው በኢንተርኔት ነው። አቅጣጫ ነጋሪያችን የማናውቀው ሰው ከሆነ፣ ወደ ባንኩ ስንል ባንኩን ወደሚመስል ቦታ ሊመራን ይችላል። ስልኩ ማስጠንቀቂያ ቢያሳይ እንኳ ስንቶቻችን ነን አንብበን የምንቆመው?

ይህ የእኔ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ዓለም ያየው ነገር ነው። ዲኤንኤስ ቼንጀር የሚባል ተንኮለኛ ፕሮግራም ነበር። ከ100 በላይ አገር ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮችን ነክቷል። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ የኮምፒውተሩን ዲኤንኤስ ወደ ወንጀለኞቹ ቁጥር ይቀይራል። በኅዳር 2011 እ.ኤ.አ. ኢስቶኒያ ውስጥ ስድስት ሰዎች ተያዙ። የወንጀለኞቹ ሰርቨሮች (ስም ሲጠየቁ የሚመልሱት ኮምፒውተሮች) ግን ወዲያው ቢዘጉ ያ ሁሉ ሰው ኢንተርኔት ያጣል። ስለዚህ በፍርድ ቤት ፈቃድ ንጹህ ሰርቨሮች ተተክተው እስከ ሐምሌ 9 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. እንዲቆዩ ተደረገ። በዚያ ቀን ሲዘጉ፣ ኮምፒውተሩን ያላጸዳ ሰው ስም የሚነግረው አጣ። መስመሩ ምንም አልሆነም፤ ገጾቹ ግን አይከፈቱም። የእናቴን ራውተር ሳይ ትዝ ያለኝ ይህ ነው።

የቁጥር ምርጫንም በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። 8.8.8.8 የጉግል ነው፣ 1.1.1.1 የክላውድፍሌር ነው። 9.9.9.9 ደግሞ አደገኛነታቸው የታወቁ ገጾችን የሚከለክል ነው። ሦስቱም የታወቁና የሚታመኑ ናቸው። ግን ኢንተርኔት ከሚያቀርብልን ድርጅት ከሚመጣው ሁልጊዜ ይሻላሉ ማለት አይደለም። ትልልቅ የቪዲዮ ድርጅቶች የቪዲዮውን ቅጂ በየአገሩ ያስቀምጣሉ፤ የትኛው ቅጂ እንደሚሰጠን የሚወስኑት ብዙ ጊዜ የጠየቀውን ዲኤንኤስ አይተው ነው። ሩቅ ያለ ዲኤንኤስ ስንጠቀም ቅርባችን ያለውን ቅጂ ትተን ሩቅ ወዳለው ልንመራ እንችላለን። ፍጥነት ፍለጋ የተቀየረ ቁጥር ያዘገየናል ማለት ነው። እኔ በእናቴ ራውተር ላይ ወደ አውቶማቲክ ነው የመለስኩት። የአቅራቢው ድርጅት ዲኤንኤስ በሚበላሽበት ቀን እቀይረዋለሁ፤ ሲስተካከል እመልሰዋለሁ።

አንድሮይድ ስልክ ያላችሁም ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚለውን እዩ። ማስታወቂያ ያጠፋል ተብሎ አንድ ስም ተጽፎበት፣ ያ ስም መስራት ሲያቆም ስልኩ ዋይፋይ እያለው ኢንተርኔት የለም ይላል። በዚህ ምክንያት የጎረቤቴ ልጅ ሌላ ራውተር ልትገዛ ደርሳ ነበር። ስልኳን አውቶማቲክ ላይ መለስኩት፤ ሰራ።

ከዚህ ውጭ የማገኛቸው ችግሮች አብዛኞቹ ቀላል ናቸው። ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ የብረት ቁምሳጥን ስር ተደብቆ፣ ከላዩ ዳንቴል ለብሶ ይገኛል። ዳንቴሉ ሞገዱን አይከለክልም፤ ሙቀቱን ግን ያፍናል። ብረቱ ነው ሞገዱን የሚያግደው። አምስት ጊጋ የሚባለው ዋይፋይ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን አይወድም። ራቅ ላለ ክፍል ሁለት ነጥብ አራቱ ይሻላል። ማታ ሁሉም ሰው ቤቱ ሲገባ መስመር ይጨናነቃል። መብራት ሲወዛገብ ራውተሩ በራሱ ይጠፋል ይነሳል፤ ሰው ግን ኔትወርክ ጠፋ ይላል። ደግሞ 10 ሜጋ የተባለ ፓኬጅ በሰከንድ አስር ሜጋባይት የሚያወርድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሜጋቢት ነው፤ በስምንት ይካፈላል። 10 ሜጋ ማለት ቢበዛ በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው። ይህን ሳያውቁ ተታለልን ብለው የሚናደዱ ደንበኞች አሉኝ።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው እትም ያቺን በእጥፍ ይጨምራል የምትለዋን መስመር አስተካክሉልን። በእሷ ቦታ ያቺን የመቼ ጥያቄ አስቀምጡ። በገመድ ተሰክቶ መለካትን ጻፉ። በቁጥር ተጣርቶ በስም ከመጣራት ጋር ማወዳደርን ጻፉ፤ በቁጥር መልስ እየመጣ በስም ከጠፋ ያን ጊዜ ዲኤንኤስ ይቀየር። የማያውቁትን ቁጥር ራውተር ውስጥ ማስገባት የቤትን ቁልፍ ለማያውቁት ሰው እንደመስጠት መሆኑንም ጻፉልኝ። ጋዜጣችሁ እዚህ ይነበባል። ያ ሱቅ ያለው ልጅም ያነበዋል።

ከልጁ ጋር ተስማምተናል። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ጋ ይመጣል፤ ራውተር ከማስተካከሉ በፊት እንዴት እንደሚለካ አሳየዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ መጣ። የሄደባቸውን ቤቶች እያስታወሰ ስም ዝርዝር ጀምሯል፤ እስካሁን አስራ አንድ ደርሷል። በየተራ አብረን እየዞርን ያንን ቁጥር እያወጣን ነው። አራት ቤት ጨርሰናል።

የእናቴ ራውተር ሥር ወረቀት ለጥፌያለሁ። ፓስዎርዱ መቼ እንደተቀየረና ዲኤንኤሱ አውቶማቲክ መሆኑ ተጽፎበታል። ሰው ሊነካው ከመጣ መጀመሪያ ይህን አንብብ በይው ብያታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

የቀድሞ የወረዳኔት ባለሙያ
ጅማ፣ ጊንጆ

(ስሜና ስልኬ ለዝግጅት ክፍሉ ለብቻው ተልኳል።)